ረቡዕና ዓርብ እኛ ቤት

ልጅቷ አሥር ዓመቷ ነበር። አባቷን ኤችአይቪ የወሰደባት ገና መራመድ ሳትጀምር ነው፤ እናቷም ቆይታ በዚያው በሽታ ተከተለች። ታላቅ እህቷ አየር ጤና አንድ ሱቅ ተቀጥራ በማለዳ ስለምትወጣ፣ ቁርስ ምሳ የሚያበላት አልነበረም። እድራችን ተሰበሰበና «ልጅ ከእናቷ ቤት አትነቀልም፤ ቀኑን እንካፈለው» ብሎ ወሰነ። ቀድሜ እጄን አወጣሁና ረቡዕንና ዓርብን ወሰድኩ።

ሰው አመሰገነኝ። እውነቱን ልናገር፤ የመረጥኳቸው የጾም ቀን ስለሆኑ ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ለራሴ ግን «ሥርዓት አስተምራታለሁ» አልኩ። እናቷ ጴንጤ ስለነበረች ልጅቷ እንደኛ መጾም አታውቅም።

እኔ የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ የሃይማኖት መጻሕፍትንም እያሰስኩ አነበብኩ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ያወቀውን ሌላው ላይ ካልጫነ ያወቀ አይመስለውም። በቤቴ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም። ልጆቼ በዚህ አደጉ። እሷንም ከልጆቼ አልለይም አልኩ።

ክረምት ነበር፤ ትምህርት ተዘግቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትመጣለች፤ አጠገቤ አስቀምጬ አስነብባታለሁ። አንድ ቀን የግድግዳውን ሰዓት አየችና፣

«ጋሼ፣ የእናንተ ሰዓት ያነክሳል እንዴ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ሆድ ጌታ አይደለም» አልኳት።

ባለቤቴ ጓዳ ጠራችኝ። «ልጅቷ ገርጥታለች፤ ቁራሽ ዳቦ ላቅምሳት።»

«አታሞላቅቂያት።»

«አይ አንተ! ጵጵስና ሳትሾም ገዘትከን እኮ!»

ሁለት ወር እንዳለፈ የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ መጡ። እትዬ እያልኩ የማከብራቸው ናቸው። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ቫይረሱ በደሟ እንዳለ፣ መድኃኒት እንደምትወስድ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። እንዳትገለል ተብሎ ከእሳቸውና ከእህቷ በቀር ለማንም አልተነገረም።

«የምትውጠው ጠዋት ነው። በባዶ ሆዷ ስትውጠው ያስመልሳታል። አንተ ቤት ቢያስመልሳት እንዳታውቅባት ፈርታ ረቡዕና ዓርብ ትተወው ኖሯል። ዛሬ ጤና ጣቢያ ደሟን አይተው ቫይረሱ ጨምሯል አሉን። እንዲህ ከቀጠለች መድኃኒቱም አይሠራላትም።» ቀጥለውም፣ «አንተ መጽሐፍ አገላባጩ፣ የታመመ አይጾምም የሚል አላጋጠመህም?» አሉ።

አጋጥሞኛል። በገዛ እስክሪብቶዬ አስምሬበታለሁ። ሆኖም አንድ ቀን እንኳ «አሞሻል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። መገርጣቷን ያየሁት እንደ ስንፍና ነው። ሥርዓትን ወዶ ሰውን የማይጠይቅ አባት ምን እንደሚሆን ከእኔ ተማሩ።

ቀኖቿን ለሌላ ቤት ሊሰጡብኝ ነበር። ለመንኳቸው።

«እኔ አልወስንም፣ እሷ ትወስን» ብለውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ረቡዕ መጣች። ሁለት ሰዓት ላይ በገዛ እጄ እንቁላል ጠብሼ በዳቦ አቀረብኩላት።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»

የወለድኳቸው ልጆች ይህን ቃል ከአፌ ሰምተው አያውቁም። እሷ ሳህኑን አየች፤ ከቦርሳዋ መድኃኒቷን አውጥታ በመዳፏ ሸሸገችው።

«ጋሼ፣ ይውጡልኝ። እርስዎ እያዩኝ አልችልም።»

ወጣሁ። ያካፋ ነበር። ከቆርቆሮው ክዳን ጥግ ቆሜ ስሰማ፣ ባለቤቴ የሆነ ነገር አለቻት፤ ልጅቷም ሳቀች። እኔ ባለሁበት እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

አሁን መድኃኒቱ እየሠራላት ነው። ቤታችን መምጣቱንም አልተወችም። እኔ ግን በእሷ ቀን ሁለት ሰዓት ሲሆን ከገዛ ቤቴ ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ፤ «ጋሼ፣ ይግቡ» እስክትለኝ። ሳልወጣ ልቀመጥ ብዬ ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።