ቡጢው እስኪያርፍ

በ2009 ዓ.ም. ጁባ፣ ቶንፒንግ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ባርማን ነበርኩ። በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ አኒሜ የሚሉት የጃፓን ካርቱን ሐያሲ። ሹመቱን የሰጠኝ ሰው የለም፤ ፌስቡክ ላይ አንዲት የአማርኛ ገጽ ከፍቼ ራሴን ሾምኩ። አዲስ አበባ ያሉ ጎረምሶች ያነቡኛል፣ ይሰድቡኛልም።

የምተቸው መጀመሩ እንጂ ማለቁ የማይታወቅ የድብድብ ተከታታይ ነበር። በዚያ ሰሞን ጀግናው ጠላቱን ሊመታ ቡጢውን ካነሳ ወር አልፎታል። በየሳምንቱ የመክፈቻው ዘፈን ይዘፈናል፣ ያለፈው ክፍል ይከለሳል፣ ጀግናው ልጅነቱን ያስታውሳል፣ ዳር የቆሙት በየተራ «አይቻልም!» ይላሉ። መምህሩ ደም እየተፋ ሲሰናበተው ደግሞ አንዱ ጓደኛ ስለ ምሳ ይቀልዳል። ልቅሶ ቤት ገብቶ እንደሚቀልድ ሰው አናደደኝ። «ሬዲዮ ላይ የምንሰማው የሰላም ድርድር እንኳን ከዚህ ይፈጥናል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ አንባቢ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲለኝ፣ «ይሄ እንቁላል ገና ያለፈውን ክፍል እየከለሰ ነው» አልኩት።

አብሮኝ የሚያየው ሪሴፕሽን ላይ የሚሠራው ጓደኛዬ ነበር። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ስላደገ በአማርኛ ሲሳደብ እኔን ያስንቃል። ሐሙስ ሐሙስ ስልኬ ላይ ተደፍተን እየተሳደብን እናያለን። እናቱ ወደ ኡጋንዳ ተሰደው ስለነበር ሊከተላቸው ተነሳ። ቡጢው ሳያርፍ እንዳይሄድ ለመንኩት። ቡጢው ሰበብ ነው፤ እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም። ጁባ ላይ ከእሱ ሌላ የሚያስቀኝ ሰው አልነበረኝም።

ለኔ ሲል አንድ ሳምንት አራዘመ። ያ ክፍልም ቡጢው አየር ላይ እንዳለ አለቀ። ከአሥር ዜሮ ሰጠሁት።

አውቶቡስ ወደሚሳፈርበት ካስተም ገበያ ሸኘሁት። የአገሬን ሰው ሽኝት ታውቁታላችሁ፤ ተሰናብቶ ይቆማል እንጂ አይሄድም። አቀፍኩት። «ትዝ ይልሃል፣ መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን…» ብዬ ጀመርኩ። ደግሞ አቀፍኩት። ከተሳፈረ በኋላ ውሃ ገዝቼ በመስኮት አቀበልኩትና ሌላ ትዝታ አነሳሁ። ሾፌሩ ክላክሱን ያንባርቃል፤ ረዳቱ «ካላስ! ካላስ!» እያለ በሩን ይደበድባል፤ በቃ ማለቱ ነው።

ጓደኛዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሳቀብኝ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ይቺንም ተቻት እንጂ! ክለሳ፣ ትዝታ፣ እንባ፣ ደግሞ ክለሳ። ፍጥነት የላትም በላ!»

«ዝም በል፣ ገና አልጨረስኩም» አልኩት። አውቶቡሱ ግን መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

ሐሙስ ደረሰና አዲሱን ክፍል ብቻዬን ከፈትኩት። ቡጢው የመክፈቻው ዘፈን እንኳን ሳይጀመር አረፈ። ጠላት ወደቀ፣ አለቀ። አንባቢዎቼ ሁሉ ሲጨፍሩ እኔ ገጼ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ተቻኩለዋል። ትንሽ ቢያቆዩት ምን ነበረበት?»