በበር ያልወጣው ቁም ሳጥን

የአርብ ገበያው ልብስ ሰፊ ጁነይዲ ዕድሜውን ሙሉ እንግዳን «ሂድ» ብሎ አያውቅም። ዝናብ የያዘው ገበያተኛ የሚጠለለው እሱ ቤት፣ አህያ የጠፋበት ባላገር የሚያድረው እሱ ቤት ነበር። ሚስቱ አዚዛ «የኛ በር መቀርቀሪያ የለውም!» እያለች ታማርራለች፤ እያማረረችም ለመጣው ሁሉ ምግብ ታቀርባለች።

ደርግ ትርፍ ቤት በወረሰ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ራሺድ የሚባል አናጢ የዋንዛ ሳንቃ በአህያ ጭኖ ከእስቴ መጣ። «አባቴና አባትዎ አብረው ይነግዱ ነበር፤ ዝናቡ እስኪያባራ ያስጠጉኝ፣ ጋሼ» አለ። ጁነይዲ ሳንቃውን ራሱ አግዞ አስገባለት።

ዝናቡ አባራ፣ ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ። ራሺድ ግን አልሄደም። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እሱ ሲያወራ ጁነይዲ በሳቅ መርፌው ከእጁ ይወድቃል። ሥራ ላይ ግን ሲያሻው ብቻ ነበር። እዚያው ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ጀምሮ፣ «ይሄ ሲሸጥ የቀለቤን እክሳለሁ» ይላል። ቁም ሳጥኑ ሽቅብ አድጎ ጣራ ሊነካ ደረሰ፤ ወደ ጎንም እንደ ጎተራ ሰፋ። የስፌት መኪናው ተገፍቶ ተገፍቶ ደጅ ወጣ።

አዚዛ በጥር መረራት። «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ንፋስ መውጫ እህቴ ዘንድ ልሂድ!»

ጁነይዲ እያፈረ ለራሺድ ነገረው። «አንድ ሳምንት ብቻ፣ ጋሼ» አለ ራሺድ። ሳምንቱ ሲሞላ ሌላ ሳምንት ለመነ። አዚዛ ጓዙን ደጅ ልትጥል ብትነሳ ጁነይዲ ያዛት፤ «በጉልበት ያስወጣነው እንደሆነ ተከሳሾቹ እኛው ነን» ብሎ ወደ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሄደ።

የሸንጎው ሰብሳቢ አቶ ቀለመ ወርቅ ኮስተር ብሎ ጠየቀው፤ «ኪራይ ትቀበለዋለህ? የግል ኪራይ በአዋጅ መከልከሉን ታውቃለህ።»

«ኧረ ጓድ! ሰባራ ሳንቲም ሰጥቶኝ አያውቅም!»

ራሺድም ብድግ ብሎ «እውነቱን ነው፤ አንድም ቀን አልከፈልኩም» ሲል በኩራት መሰከረለት። ሸንጎው በሳቅ አውካካ። እንግዳ እንጂ ተከራይ አለመሆኑን በገዛ አፉ ስላመነ፣ እስከሚመጣው አርብ እንዲወጣ ተወሰነበት።

አርብ ሸካሞች መጡ። ቁም ሳጥኑን በቁሙ ሞከሩት፣ በጎኑ ሞከሩት፣ አጋደሙት፤ በሩ አላሳልፍ አለ። ራሺድ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ «እንግዲህ እኔም ከዕቃዬ አልለይም» አለ።

ቀለመ ወርቅ ተጠርቶ መጣና ቁም ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው። «የተፈረደው ባንተ ነው እንጂ በቁም ሳጥኑ አይደለም፤ ውጣ» አለው። «ዕቃህን ምስክሮች አይተውታል፤ በአደራ ይቀመጥልሃል። እስከ ፋሲካ መጥተህ ካልወሰድከው በጨረታ ይሸጣል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።»

ራሺድ መጋዙን አንጠልጥሎ ወጣ።

አዚዛ ልብሷን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ልትከት ስትል ጁነይዲ ከለከላት። «አማና ነው።»

«አማናው ቤቴን ዋጠው እኮ!»

እሱ ግን አዋራ እንዳይለብስ አሮጌ አንሶላ አለበሰው። ሲሰፋ ቀና እያለ ያየዋል። አዚዛ ታዝባው፣ «ናፈቀህ እንዴ?» አለችው።

«ቤቱ ጭር አለብኝ» አለ።

ፋሲካ ሲቃረብ ራሺድ ብቅ አለ። ልጃቸውን የሚድሩ ቤተሰቦች ቁም ሳጥኑን ሊገዙት ተስማምተዋል። «ልፍታው ብል ሳንቃው ይሰነጠቃል። በሩን ላስፋና ዕቃዬን ላውጣ፤ አዲስ መዝጊያ ሠርቼ እገጥማለሁ» አለ።

«ይሄስ ስንት ክረምት ሊፈጅ ነው?» አለች አዚዛ።

ራሺድ ግን ሌላ ቦታ እያደረ ማለዳ ማለዳ እየመጣ ሲልግና ሲያንኳኳ ሰነበተ። ያ ሰው እንዲህ መሥራት ይችል ኖሯል ብላ አዚዛ ተደነቀች። ቁም ሳጥኑ በሸካሞች ትከሻ ሲወጣ፣ ሙሽራ እንደምትሸኝ እልልታዋን አቀለጠችው። በበሩ ላይም ባለሁለት ተከፋች የዋንዛ መዝጊያ ቆመ።

ያን መዝጊያ ያየ ጎረቤት ሁሉ ለኔም አለ። ራሺድ ሥራ በዛለት፤ ከቀበሌው ቤት ተከራይቶ እዚያው አርብ ገበያ ኗሪ ሆነ። በዒድ ስኳር ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። ሲጨዋወቱ መሸና ጁነይዲ እንደ ልማዱ፣ «ጨልሟል፣ እደር እንጂ» አለው። አዚዛ ባሏን በዓይኗ ገረፈችው።

ራሺድ እየሳቀ ተነሳ። «አይ ጋሼ፣ ኪራይ እየከፈልኩበት ቤቴ ባዶውን ይደር?»