ስኳር ጆንያ ሥር የሰነበተው ቴሌግራም

ሰው «ትንሽ ከተማ መኖርን የመሰለ ምን አለ፣ ጸጥታው ብቻ!» ሲል በሰማሁ ቁጥር የዚያ አሮጌ አውቶቡስ ጡሩምባ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ከአዲስ አበባ አቧራ ለብሶ መጥቶ ሆሳዕና መግቢያ ላይ ሲደርስ ሦስቴ ይነፋ ነበርና፣ ከተማው ሥራውን ጥሎ ማን እንደወረደ፣ ምን ይዞ እንደወረደ ለማየት ይሰለፍ ነበር። አንድ ሰው አዲስ ጃንጥላ ይዞ ከወረደ ለሳምንት ወሬ ይበቃ ነበር። ጸጥታ የሚሉት ይህንን ነው።

ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሲሆን አውቶቡሱ ይቀርና፣ ሌላ የሚታይ ስለማይኖር እርስ በርስ እንተያይ ነበር። የሰፈራችን ደብዳቤ ሁሉ ጋሽ ከድር ሱቅ ይቀመጥ ስለነበር፣ አግዳሚው ላይ ተጎልተው የሚውሉት ሽማግሌዎች ባለቤቱ ከመድረሱ በፊት በተማሪ አስነብበው ይጨርሱት ነበር። እናቴ ሐረር ወታደር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ የጻፈላትን መንገድ ላይ ሰምታ፣ ወረቀቱን ለወጉ ያህል ትቀበል ነበር። በዚያ ክረምት ደግሞ እህቴ ድንቅነሽ አዲስ አበባ ለነርስነት ትምህርት ተፈትና ውጤቷን ትጠብቅ ስለነበር፣ ዝናብ እየመታት ሱቁ ድረስ ትመላለስ ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ ለእኔ አልመጣም?»

«ደብዳቤ የለም ልጄ።»

ጳጉሜን ላይ ቴሌግራም መጣ። በእኛ ከተማ ቴሌግራም ማለት መርዶ ነበር፤ ሌላ ነገር ይጻፍበታል ብሎ ያሰበ አንድ አዋቂ አልነበረም። የሰውን ደብዳቤ እንደ ጋዜጣ የሚያስነብቡት ሽማግሌዎች ይህንን ለመክፈት ፈሩ። ተስፋዬ ሞቷል ብለው ደመደሙ፤ የተጻፈው በእህቴ ስም ቢሆንም «እናትየው እንዳትደነግጥ ለልጅቷ ልከውት ነው» አሉ። ከዚያ በጎረቤታችን በአቶ ሄራሞ ምክር፣ የመስቀሉ በዓላችን ያሆዴ እስኪያልፍ በዓሏን አናበላሽባትም ተባብለው ስኳር ጆንያ ሥር ደበቁት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእኛ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። የበዓሉ ዕለት በቡላና በቅቤ የተሠራውን አተካና ቤታችን መጥተው እየጠረጉ፣ እናቴን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር፤ እሷም አተካናውን ወደውት መስሏት ትጨምርላቸው ነበር።

በዓሉ ባለፈ በአራተኛው ቀን ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢያችን ገቡ። አቶ ሄራሞ «እህታችን፣ ጌታ ያጽናሽ፤ ተስፋዬ…» ከማለታቸው እናቴ መሬት ላይ ወደቀች። በጩኸቱ መሃል ድንቅነሽ፣ «ማን ነገራችሁ?» አለች።

«ቴሌግራም መጥቷል።»

«ምን ይላል?»

«ቴሌግራም ነው እኮ ልጄ! ምን ይላል ብለሽ ነው?»

ተቀብላ ከፈተችው፣ ደግማ አነበበችው። «እማዬ፣ ተነሽ፤ ተስፋዬ አልሞተም» አለች። ቀጥላ ድምጿ እየደከመ፣ «ትምህርት ቤቱ ተቀብሎኛል። እስከ መስከረም አሥር ካልመጣሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ይላል» አለች።

መስከረም አሥር ካለፈ ቆይቶ ነበር። እናቴ ግን እልል አለች፣ ግቢው ሁሉ እልል አለ፣ በግ ታረደ፤ አቶ ሄራሞ ልጁን ከሞት የመለሱ ይመስል ሲመሰገኑ ዋሉ። ወንድሟ በሕይወት ስላለ እህቴ ማልቀስ እንኳ ነውር ሆነባት፤ ጓሮ እንሰቱ መሃል ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። በማግስቱ፣ መንገዱ ደርቆ መመላለስ በጀመረው አውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዳ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ምን ይዛ እንደወረደች ለማየት ሁሉም ተሰልፎ ነበር፤ ምንም አልያዘችም።

ዛሬ ሆሳዕና በባጃጅ ጩኸት ተሞልታለች፤ ስሄድ ደስ ይለኛል። የአግዳሚው ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። እዚያው አግብታ፣ ወልዳ ያረጀችው እህቴ ሽማግሌዎቹን ይቅር ብላቸዋለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አላልኳቸውም። ባለፈው ምሳ እየበላን ስልኳ ሲጠራ፣ አጠገቡ የነበረችው የልጅ ልጇ ልታነሳላት እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ የእኔ ነው!» አለች እህቴ፤ እጇን ሳትታጠብ ቀማቻት።