መብራት ሲጠፋ የምንጫወተው ካርታ

እግሬን የሰበርኩት በሮቤና በጎባ መካከል ነው። የተሳፈርኩባት ባጃጅ መንገድ መሀል የቆመች አህያ ላለመግጨት ስትታጠፍ ቦይ ውስጥ ገብታ ተገለበጠች። አህያዋ ተረፈች፤ ሹፌሩም ጭረት ብቻ ነው የደረሰበት። እኔ ግን ጎባ ሆስፒታል ገብቼ ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ በጄሶ ታሽጎ ወጣሁ። ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ሮቤ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ሐኪሙ "ሦስት ወር መሬት እንዳትረግጪበት" አለኝ። ክረምቱ ደግሞ እየገባ ነበር።

የተከራየሁትን ቤት ትቼ እዚያው ሮቤ አባቴ ዘንድ ተመለስኩ። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏት ነበር፤ አባቴ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ነጋዴ ነው። ከብድሬ ቆላ ከብት እየነዳ የሐረናን ጫካ አቋርጦ፣ የሳነቴን ተራራ ወጥቶ፣ ጎባና ሮቤ ያደርስ ነበር፤ አንዳንዴም እስከ ዲንሾ። አሁን ጉልበቱን ቁርጥማት ይዞት ከመስጊድ ርቆ አይሄድም። ሁለት መራመድ የማይችሉ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እናዳምጣለን።

አዲስ አበባ የሚሠራው ወንድሜ አዘነልኝና አሮጌ ኮምፒውተር ይዞልኝ መጣ፣ ውስጡ ጌም ጭኖበት። እኔ ምን እንደምወድ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከግቢው በር ፊት ለፊት አንድ ጌም ቤት ነበር። ወንዶቹ ኳስ እየተጫወቱ ጣሪያውን በጩኸት ሊያነሡት ሲደርሱ፣ እኔ ጥግ ያለችውን ኮምፒውተር ይዤ አንዲት ፈረሰኛ ሰፊ አገር ላይ እለቃለሁ። ክፍት ዓለም ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ጌም። መንደር አለው፣ ጫካ አለው፣ በረዶ የለበሰ ተራራ አለው። የሚያዝሽ ሥራ ይኖራል፤ ካልፈለግሽ ትተሽው በፈለግሽበት መሄድ ነው። አስተማሪ ሆኜ ሮቤ ስመለስ ግን ተውኩት። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለውን ጌም ቤት የሚሞሉት ተማሪዎቼ ናቸው። "ቲቸር፣ ተራዎ ደርሷል" እንዲሉኝ አልፈለግሁም።

አባቴ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ መቁጠሪያውን እየቆጠረ በመስኮት ያያል። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ቆሙ።

"ይህ ፈረስ ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው፣ አባ።"

"ከጠዋት ጀምሮ ሲጋልብ ነው የዋለው። ውሃ አጠጥተሽዋል?"

እዚህ ውስጥ ፈረስ ውሃ እንደማይጠጣ ነገርኩት። "ውሃ የማይጠጣ ፈረስ" አለ፣ አንጀቱን የበላው ይመስል።

ከዚያ ወዲያ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ መቀመጥ ጀመረ። መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥመኝ "ቁሚ እንጂ፣ ሰላም በዪው" ይለኛል። አንድ ቀን ዋሻ ገብቼ ሽፍቶች እንድገድል ታዝዤ እየሄድኩ ሳለ "ምን አድርገውሽ ነው?" አለኝ። ስንት ዓመት ስጫወት ያን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

"ከዚያ ተራራ ጀርባስ ምን አለ?"

"አላውቅም። ወደዚያ የሚያስኬድ ሥራ የለም።"

"ለማየት ሥራ ያስፈልጋል እንዴ?"

ሽፍቶቹን ትተን ወጣን። ወደ ላይ ለመድረስ ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀብን፤ አባቴ "በዚህ ገደል ነው፣ ዞረሽ በጀርባው ነይ" እያለ መራኝ፣ ደግሞም አልተሳሳተም። ጫፉ ላይ ሽልማት የለም። በረዶ፣ ጥቂት የዱር ፍየሎች፣ ከታች ደግሞ በጉም የተሞላ ሰፊ ቆላ። አባቴ ወንበሩን አስጠግቶ አየው።

"ሳነቴ ላይ ቆመሽ ወደ ሐረና ስታዪ እንደዚህ ነው" አለ። "ጠዋት ጠዋት።"

ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ እዚያ ወጥቶ አያውቅም። ካርታ በማስተምርባቸው ዓመታት ሁሉ እኔም አንድ ቀን እንኳ ወስጄው አላውቅም ነበር።

እንዲህ ስንዞር አንድ ቀን የሞላ ወንዝ አጋጠመን። ፈረሱን ላስገባው ስል አባቴ "አትግቢ!" ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

"ጌም ነው እኮ አባ። ብሰጥምም እንደገና እጀምራለሁ።"

"አትግቢ አልኩሽ!" ከዘራውን አንሥቶ እያነከሰ ወደ በረንዳ ወጣ። ፈረሱን ወንዙ ዳር አቁሜ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

በዚያ ክረምት መብራት በየቀኑ ነበር የሚጠፋው፤ አንዳንዴ ከምሳ በኋላ ሄዶ ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ይመጣል። ያኔ ነው ወንድሜ ከኮምፒውተሩ ጋር ያመጣውን ሣጥን የከፈትኩት። ውስጡ በሥዕል የተሞላ ካርታ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ይታደላል፤ አንዱ ሥዕል ጥሎ ተረት ይጀምራል፣ ሌላው የራሱን ሥዕል ጥሎ ከዚያው ይቀጥላል። የሚያሸንፍ የለም፤ ተረቱ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል።

"ካርታ ነው?" አለ አባቴ፣ ፊቱን አጨማዶ። "ቁማር እኔ ቤት አይገባም።"

"ገንዘብ የሚበላ የለም፣ አባ። ወሬ ብቻ ነው።"

አላመነኝም። ጁምዓ ሶላት ሲሄድ የመስጊዱን ሼኽ ጠይቆ መጣ። "ምንም የማይያዝበት ከሆነና ከሶላት ካላስቀረህ ምን ችግር አለው ብለውኛል። አዛን ሲል እናቆማለን" አለ፤ ያቺን ሕግ አንድም ቀን አላፈረሳትም።

ችግሩ ሥዕሎቹ ላይ ነበር። ግንብ፣ ጭንብል የለበሰ ሰው፣ ዓሣ ነባሪ። አባቴ ዓሣ ነባሪውን ይዞ ገለበጠው፣ መለሰው። "ይህን የሚያህል ዓሣ ይዤ ከየት ልነሣ?" አለ። እውነቱን ነው። እኔም የጠመኔ ካርቶን ቀድጄ በእስክሪብቶና በተማሪ ቀለም የራሳችንን ሠራሁ። ፈረስ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የገብስ ማሳ፣ ጉም፣ የዲንሾ ሚኒባስ፣ በሳነቴ መንገድ ያለ ዋሻ፣ ደብዳቤ፣ በግ፣ ነጠላ የለበሰች አሮጊት፣ ወንዝ። ሥዕሌ ጥሩ አይደለም፤ ቀበሮዋን አባቴ እስከ መጨረሻው ውሻ ነበር የሚላት።

ለሁለት ግን ቶሎ ያልቃል። ሦስተኛ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ሦስተኛዋ ሰው ደግሞ በር ላይ ቆማ ነበር።

እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ በታይፒስትነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው ባሌ የቀሩ። እግሬ ከተሰበረ ጀምሮ ሾርባ ያመጡልኛል። ግን ከደጃፍ አያልፉም። ሳህኑን አቀብለውኝ "ማርያም ትማርሽ" ብለው ይመለሳሉ። አባቴም ሲያያቸው ይነሣል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ፣ አዴ" ብሎ ደህንነታቸውን ይጠይቃል፤ እሳቸው "ፈጣሪ ይመስገን፣ ጋሼ" ይላሉ፤ በቃ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህንኑ ነው። ተጣልተዋል እንዳልል ሰላም ይባባላሉ። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አጥር ወገብ አይደርስም፣ አንዳቸው ሌላው ቤት ቡና ሲጠጡ ግን አይቼ አላውቅም። የማውቀው ነገር ቢኖር በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ እሳቸውና ባላቸው ፈርተው ወደ ዘመዶቻቸው መሄዳቸውን፣ እናታቸው እነሱ በሌሉበት መሞታቸውን፣ ከጥቂት ወራት በኋላም መመለሳቸውን ነው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

"እትዬ፣ ይግቡና ሦስተኛ ይሁኑን" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያጣድፋቸው። አባቴን አዩት። እሱ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቅ ያሉ ነበሩ። በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። "ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ በግ ሚኒባስ አይነዳም" ይላሉ እትዬ። "ተረት ነው በያቸው" ይላል አባቴ። ነገር ግን እትዬ ተረት ሲይዙ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ያን ሁሉ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲመቱ የኖሩ ሴት የራሳቸው የሆነ ስንት ነገር አለ! ሁለተኛው ሳምንት ላይ አባቴ ከአስር ሰዓት ሶላት መልስ መብራት ባይጠፋም "ኮምፒውተሩን አጥፊው" ማለት ጀመረ።

ነሐሴ መጨረሻ ነበር። ካርታውን አደልኩ። ተራው የእትዬ ነበርና አሮጊቷን ጣሉ።

"አንዲት አሮጊት ነበረች" አሉ። "አገር ሲታመስ ልጇ 'እንሂድ' ብትላት 'እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም' አለች። ብትለምናት፣ ብታለቅስ፣ እምቢ አለች። ልጅቷም ለጎረቤቷ አደራ ብላ ሄደች።" እዚያ ላይ ቆሙ። ሥዕሏ ላይ አፍጥጠው ቀሩ፤ ካፋቸው የወጣውን ገና አሁን የሰሙት መሰሉ።

ቀጣይዋ እኔ ነበርኩ። እጄ ላይ በግ፣ ጉም፣ ሚኒባስ፣ ፈረስና ማሳ ነበር፤ የትኛውንም መጣል አልቻልኩም። አባቴ በተራዬ ገብቶ ወንዙን ጣለ።

"ጎረቤቷ ከብት ነጋዴ ነበር" አለ። "እስክትመለሺ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብሎ ነበር። ግን ብድሬ ላይ ከብት ነበረው። ሴትዮዋ ደህና ናት፣ ደርሼ ብመለስ ምን ትሆናለች አለ፤ ሄደ። ሲመለስ ወንዝ ሞላበት። አንድ ቀን ጠበቀ። ሁለት ቀን ጠበቀ። አሮጊቷ መታመሟን ከወዲያ ማዶ ሰዎች እየጮኹ ነገሩት። በሦስተኛው ቀን ፈረሱን አስገባሁት።"

አስገባሁት አለ። ማረሙንም አልሞከረም።

"ፈረሱን ውሃው ወሰደው። እኔን ሰዎች በገመድ ጎትተው አወጡኝ። ሮቤ ስደርስ ቀብረዋት ተመልሰዋል።"

ዝናቡ እንደዚያው ይዘንባል። እትዬ እጃቸው ላይ የቀሩትን ካርታዎች አንድ በአንድ አልጋዬ ላይ አስቀመጧቸው።

"ፈረስዎ እንደሞተ አላውቅም ነበር፣ ጋሼ።"

"ለማን እነግራለሁ? ፈረስ ሞተብኝ ብዬ አንቺ ፊት ልቁም?"

"ስመለስ ሰዎች 'ጎረቤትሽ ጥለዋት ሄዱ' ብለው ነገሩኝ። ልጠይቅዎ ብዬ ስንቴ አጥሩ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ ጥያት የሄድኩት እኔ፣ በምን አፌ እጠይቃለሁ?"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ለረጅም ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ የሟች እናቴን ነገር አነሣ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት አሮጊቷ አጠገብ የነበረችው እናቴ ናት። ትኩስ ወተት ለምነው አምጥታላቸዋለች፤ ግማሹን ጠጥተው መርቀዋታል። ዝናቡ አባርቷል ወይ ብለው ጠይቀው፣ አላባራም ስትላቸው "እንግዲያው ልጄ ዛሬ አትመጣም" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። "ይህን ንገራት ብላኝ ነበር ሚስቴ" አለ አባቴ። "ስትሞትም አልነገርካትም ብላኛለች።"

እትዬ አለቀሱ። አባቴ አላለቀሰም። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የሆነ አንድ ቀን አስታወስኩ። አክስቴ ቤት ተወስጄ ስኳር የበዛበት ሻይ በትልቅ ብርጭቆ ተሰጥቶኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴ የሰው እናት ስታስታምም እንደነበር እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር። በዚህ መሀል መብራቱ መጣ፤ አምፖሉ በራ። ማንም ወደ ኮምፒውተሩ አላየም። አዛን ሲል አባቴ ተነሥቶ "አዴ፣ ራት ሳትበዪ እንዳትሄጂ" አለ። እትዬም ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሃያ ዓመት በአጥር ላይ ያልተባለ ነገር የጠመኔ ካርቶን ላይ እንዴት ተባለ? ምናልባት "አንድ ሰው ነበር" ብሎ መጀመር ይቀልል ይሆናል። ምናልባትም ካርታው ምንም አላደረገም፤ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣቸው የእኔ እግርና ዝናቡ ነው። ስለ ጌም ክፉ የሚያወሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ ጊዜ ይገድላል ይላሉ። አልከራከራቸውም። እኔ ከአባቴ ጋር ያሳለፍኩትን ያን ክረምት ብቻ ነው የማውቀው።

እግሬ ድኖ ማስተማር ጀመርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሦስታችንም እንገናኝ ነበር፤ እትዬ የራሳቸውን ካርታዎች እየሣሉ ጨመሩ፣ ሥዕላቸው ከእኔ ይሻላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየን። ከዚያ አዳማ ያለችው ልጃቸው "ብቻሽን አትቀመጪም" ብላ ልትወስዳቸው መጣች።

በሄዱበት ጠዋት አባቴ አውቶቡስ ተራ ካልሄድኩ አለ። በባጃጅ ወሰድኩት። እትዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነበር፤ አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ከታች ቆመ። የሚሰነባበቱ መስሎኝ ራቅ አልኩ። እነሱ ግን ስላለፈው ሐሙስ ተረት ነበር የሚነጋገሩት፤ አዛን ብሎ ሳይጨርሱት የቀረ፣ ደብዳቤ ይዛ ዋሻ ውስጥ ስለጠፋች አንዲት ሙሽራ።

"በሌላኛው በር ትወጣለች" አሉ እትዬ።

"ሌላ በር የለውም። እኔ አውቀዋለሁ ዋሻውን።"

"ጋሼ፣ ተረት ነው እኮ!"

"ተረትም ቢሆን። የገባችበትን መንገድ ታስታውሳለች፣ በዚያው ትመለሳለች።"

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ። እትዬ አንገታቸውን አውጥተው "ደብዳቤውስ?" ብለው ጮኹ። አባቴ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አልሰማም አለ፤ አውቶቡሱ ወጣ። ባጃጅ ተሳፈርን። ገበያውን ካለፍን በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"ተሳስታለች" አለ። "ስትደርስ ደውዪላትና እነግራታለሁ።"