በረድፍና በረድፍ መካከል

ቢሰጥ ቀያሽ ነበር። በዚያ ዘመን በአዋሽ ወንዝ ዳር ባለው የጥጥ እርሻ ካምፕ ቀያሽ ማለት ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ የሚከበር ሰው ነው። እሱ ችካል የተከለበት ቤት ይሆናል፣ ያልተከለበት ሜዳ ሆኖ ይቀራል። የየጁ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ቅየሳ ተምሮ በባቡር አዋሽ ሰባት ኪሎ ወረደ፤ ከዚያ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ እርሻው ገባ።

በ፶፱ ዓ.ም. ለጥጥ ለቃሚዎች መንደር እንዲቀይስ ታዘዘ። ከአዲስ አበባ የመጣው ፕላን በረድፍና በረድፍ መካከል አሥራ አምስት ሜትር ይተው፣ በየቤቱም በወንዙ በኩል ሰፊ መስኮት ይውጣ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ግን መሬቱን ለጥጥ ይፈልገዋል፤ ፕላኑን ይዞ ሲብሰለሰል ሰነበተ። ይኼኔ ነው ቢሰጥ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ አፉን የከፈተው።

«ጌታዬ፣ ስድስት ሜትር ይበቃል። መስኮቱም ይቅር፤ ሰዉን ነፋስ ይመታዋል።»

ክፋት አስቦ አይደለም። በእሱ አገር ነፋስ የሚያስገባ ቤት የሰነፍ ቤት ነው፤ ጎረቤትም ሲጠጋጋ ደስ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ በወንዙ ዳር የመጀመሪያው ረድፍ ላይም ቤት ሰጠው። የሹም ቤት ነውና ለእሱ ብቻ መስኮት ወጣለት። ቢሰጥ እስከ ሚያዝያ ድረስ መስኮቱን በሳንቃ ዘግቶ ኖረ። በሚያዝያ ሙቀቱ ሲያንገበግበው ሳንቃውን አነሳ፤ ከዚያ ወዲያ አልዘጋውም። ይህንንም ለማንም አልተናገረም።

ታናሽ እህቱን ውባንችን ከነባሏ ያስመጣት እሱ ነው። አጠገቤ ትሁን ብሎ ልክ ከቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስገባት። በዓመቱ ወለደች። ልጅቱ በአሥራ ሁለተኛ ቀኗ ታመመችና ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋት ሊሮጡ ሲሉ ደጃፉ ላይ ሞተች። የካምፑ አዋላጅ እትዬ መንበረ፣ «ምች ነው፤ ባታወጧት ኖሮ ትተርፍ ነበር» አሉ። ሁሉም አመናቸው። ቢሰጥም አመንኩ አለ፤ ሌሊት ሌሊት ግን ያ ክፍት መስኮቱ እንቅልፍ ይነሳው ጀመር።

በቀጣዩ ዓመት በግንቦት ውባንች ደግማ ወለደች። አሁንም ሴት ልጅ ናት። እትዬ መንበረ የቆርቆሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፉት። በስምንተኛው ቀን ሕፃኗ ጡት እምቢ አለች፤ አፏን ከፍታ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች፣ ገላዋ እንደ እሳት ይፋጃል። ቢሰጥ ሮጦ ሲደርስ ወተት የምታመጣው አፋሯ ሰኢዳ በሩ ላይ ቆማ ከእትዬ መንበረ ጋር ትሟገታለች።

«ልጅ ታፈነች! እኛ ሙቀት ሲመጣ የጎጆውን ሰሌን ከሥር እንጠቀልላለን፤ ነፋስ ይገባል። እናንተ ቆርቆሮ ላይ ጨርቅ! ወላሂ፣ ይህ ቤት አይደለም።»

«አራስ ነፋስ ላይ? አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

ውባንች ከመደቡ ላይ ቀና አለች። «እትዬ መንበረ፣ ያችኛዋንም እንዲሁ ዘግተን ነው የቀበርናት።» ወዲያው ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጋሼ፣ ክፈትልኝ።»

ቢሰጥ በወንዙ በኩል ያለውን ቆርቆሮ በመጥረቢያ ቀደደው። ነፋስ ግን አልገባም። በቀዳዳው የሚታየው የራሱ የቢሰጥ ቤት ጀርባ ነው፤ ስድስት ሜትር ላይ ቆሞ ፀሐይዋን እየመለሰ ፊታቸው ላይ ይተፋባቸዋል።

«ነፋሱን አንተ ጋ አስቀረኸው» አለችው ሰኢዳ።

ቢሰጥ አፈረ፤ ፈራም። «በሉ፣ ወደ እኔ ቤት እንውሰዳት» አለ። ውባንች ግን ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣበቀች። «አልወጣም! ያችኛዋን ስናወጣት ነው የሞተችብኝ። ክርስትና ሳትነሳ ከዚህ ደጃፍ አላወጣትም፣ ብትገድለኝም!» ባሏ ደስታው በሩ ላይ ተገተረ። ቢሰጥ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ሁለቱም ወይ ፍንክች።

«እንግዲያው እናንተ ካልወጣችሁ ቤቱ ይወጣል» አለና ድጅኖ አንስቶ ወደ ራሱ ቤት ሄደ።

ዕቃውን እንኳ አላወጣም። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ይነቅል ገባ። ሰዎች አበደ ብለው ከሩቅ አዩት። ትንሽ ቆይቶ ደስታው መጣና ግድግዳውን ይገፋ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ በላንድሮቨር ደረሰ።

«የእርሻውን ንብረት! ማን ፈቀደልህ?»

«ስድስት ሜትር ይበቃል ያልኩትም እኔ ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም!»

ቢሰጥ እጁ እየደማ ቀጣዩን ምስማር ነቀለ። የሚሄድበት አገር፣ የሚበላው እንጀራ አላሳሰበውም ማለት ውሸት ነው፤ እንባው ከላቡ ጋር ይወርድ ነበር። ግን አላቆመም። በአሥር ሰዓት ቤቱ መሬት ላይ ተኛ።

ነፋሱ ወዲያው አልመጣም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከወንዙ ተነሳ፤ በፈረሰው ቤት ላይ አቧራ እያነሳ አልፎ በተቀደደው ቆርቆሮ ገባ። ውባንች ጨርቅ በውሃ እየነከረች የሕፃኗን ገላ ታብሳለች። ሲመሽ ሕፃኗ አፏን ገጠመች፣ ትንሽ ቆይታም ጡቱን ያዘች። ውባንች ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እትዬ መንበረ ራሳቸው ከቀዳዳዎቹ ጨርቁን አንድ በአንድ አወጡ።

ይህን ጊዜ ከሦስተኛው ረድፍ ንጋትወርቅ መጣች። ቀኗ የደረሰ እርጉዝ ናት፤ ወገቧን ደግፋ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ ቢሰጥ አጠገብ ቆመች። ትንሽ ነፋስ አገኘችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ጋሼ ቢሰጥ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ከእኔስ ፊት ያለውን ማን ያነሳልኛል?»

ከንጋትወርቅ ቤት ፊት ለፊት የቆመው የውባንች ቤት ነው። ውስጥ ሆና የሰማችው ውባንች ሕፃኗን እቅፍ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።