ሳይቀምስ የሚያጨሰው ጥዑመልሳን

አሳማ በጥዑመልሳን አፍ ዞሮ አያውቅም። ሜስኪት በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ጓሮው ውስጥ በርሜል በሚያክል፣ ስሞከር በሚሉት የከሰል ሥጋ ማጨሻ የሚያጨሰውን የአሳማ ጎድን ግን አሜሪካኖቹ የመጋዘን ባልደረቦቹ ተጋፍተው ይበሉለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋውን የሚያመጡለትም እነሱው ናቸው።

"ሳትቀምስ እንዴት ቻልክበት?" ሲሉት ይቆጣል።

"እናንተን የሚያበላሻችሁ መቅመሱ ነው! ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱም ጭሱም ይወጣል። እኔን ምን ያስከፍተኛል?"

እውነቱን ነው። ከሰሉን ለኩሶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል።

የልጁ የሩሐማ ክርስትና ሲደርስ ታዲያ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የበሬ ጎድን አጨሳለሁ ብሎ ተነሣ። አቤት ያን ቀን! ገና ሽታው ሲያውደው ከፍቶ ጫፏን ቆርጦ ቀመሰ። "ጨው አንሶታል መሰለኝ" ብሎ ደግሞ ከፈተ። "እሺ፣ አሁንስ?" እያለ ሲከፍት ሲዘጋ እንግዳው ደረሰ። ግማሹ ጎድን አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ የተረፈው ደሙ ይንጠባጠባል።

ሚስቱ ሰርካዲስ ባዶ ትሪ ይዛ ቆማ አየችው።

"ሁለተኛ ሥጋ የምገዛው እኔ ነኝ" አለችው። "የበሬም ቢሆን፣ አሳማ ነው እልሃለሁ!"