አምባሰል ያለ ከበሮ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሆቴል ምሳ ጋበዘችኝ። አሣ ጥብሳችንን በቃሪያ ስንበላ ወጣቶች ፒያኖና ሳክስፎን ይዘው አምባሰልን ጀመሩ። በዕረፍታቸው ሳክስፎን የሚነፋውን ልጅ ጠርቼ ስለ ዜማው ጠየቅሁት። ይኼ ማንኛውም ጃዝ ተጫዋች ሊያውቀው የሚገባ «ስታንዳርድ» ነው ብሎ በትሕትና አስረዳኝ። በሆዴ ሳቅሁ። አይ ልጄ፣ ስታንዳርድ ያልከውን በከበሮ ደብድበው ሊገድሉት ሲሉ ያየች ሴት ናት እኮ አጠገብህ እሾህ የምትለቅመው!

ያኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። መሬት ላራሹ ተብሎ የጨፈርንበት እግራችን ሳይበርድ ጦርነቱ ከየቤቱ ወጣት ይወስድ ጀመር። ውጫሌም እንደ ሌላው ከተማ የኪነት ቡድን ተቋቋመና ድምፅ አላት ተብዬ ገባሁ። በኪነት ውድድር አሸንፎ ደሴ የገባ ደመወዝተኛ ዘፋኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ከዘፈን ሌላ በዓለም ላይ ምንም የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ዜማ ያሠለጠነኝ ታምሩ የሚባል የሠራዊት ሙዚቀኛ ነው። እግሩን ቆስሎ ከግንባር ተመልሶ፣ አውራጃው ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን አሮጌ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ፈረንጆች አንዲት ዜማ ይይዙና ሁሉም በየራሱ መንገድ ይጫወታታል፣ ስለዚህ አታረጅም ይለኝ ነበር። እኛም አምባሰል አለችን፤ ብቻ አታጣድፊያት። አንዱን ስንኝ ካልሽ በኋላ ዝም በይ፣ ሳክስፎኑ ይመልስልሽ፣ ሰው ይጠብቅሽ። ምክሩ ይኸው ነበር።

ታምሩ ባይነግረኝም አገሬው የሚያውቀው ሌላ ልማድ አለ። እኛ ዘንድ አምባሰል ሲዘፈን አንዱ ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ተቀበይ» ይልና ግጥም ይሰጥሻል። ሰጪው ሀብታም ይሁን ድኻ፣ የሰጠሽን እንዳለ ትዘፍኛለሽ። አለመቀበል የተዘረጋልሽን ውኃ እንደ መድፋት ነው። ነውር ነው!

የቡድኑ ኃላፊ የነበረው ካድሬ ግን የኛን ነውር ከየት ይወቀው? ዘመኑ የጦርነት ነው፣ ይህ ልቅሶ ሰው ያስተኛል ብሎ አምባሰልን በሰልፍ ምት፣ በከበሮ አድርጉት አለ። እሱ ያላየውን ግጥም መዝፈንም ክልክል። እምቢ ስል ሌላ ዘፋኝ እንደማያጣ ነገረኝ። እሱ ያየውን ግጥም ተቀብዬ ወጣሁ። እሺታ መሰለው።

ውድድሩ ሐይቅ ከተማ ነበር። ወሩ ኅዳር፣ ማሽላው ያጎነበሰበት፤ በጭነት መኪና የውጫሌን ዳገት ስንወጣ ሁላችንም ጥንቅሽ እናኝካለን። ታምሩ ድምፅሽን ይዘጋብሻል ብሎ ከእጄ ነጠቀኝና ራሱ በላው። ቀስ ብሎ ምን ልታደርጊ ነው አለኝ።

«ያለ ከበሮ ነው የምዘፍናት» አልኩት።

ከበሮ መቺው የአክስቴ ልጅ ስለነበር አንድ ግልምጫ በቃው። መድረክ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ታምሩ ነፋ፣ እኔ ቀጠልኩ። ፊት የተቀመጠው ካድሬ ፊቱ በርበሬ ሲመስል አያለሁ፤ ግጥሙ ግን እሱ ያየው ነውና ምን ይበል! ደሴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ይኼኔ ከመሀል አንዲት ሴት ተነሣች። እትዬ ዘሃራ ናት፣ በሐይቅ ገበያ ጨው የምትሸጥ። አንድ ልጇን ለዘመቻ ወስደውባት ወሬው የጠፋባት መሆኑን አገር ያውቃል።

«ተቀበይ ልጄ» አለች።

*አርዲቦ ዝም አለ፣ ሐይቅም አልመለሰ፤*
*ልጄን የወሰደው መንገድ የት ደረሰ?*

አርዲቦና ሐይቅ ጎን ለጎን ያሉ የአገራችን ሁለት ሐይቆች ናቸው። ካድሬው ጣቱን ነቀነቀብኝ። ብዘፍነው ደሴ ቀረች። ባልዘፍነው ይህች እናት ግጥሟን ይዛ እዚያው ቆማ ልትቀር ነው። ወላሂ ፈርቼ ነበር። ተቀበልኩ። አንዱን ስንኝ ብዬ ዝም አልኩ፣ ታምሩ መለሰልኝ፣ ሁለተኛውን አልኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ እትዬ ዘሃራ ግን አላለቀሰችም፣ እስክጨርስ ድረስ ቆማ ሰማችኝ።

ቡድናችን ከውድድሩ ተሰረዘ። ካድሬው ማን ዝፈኚ አለሽ ብሎ አፋጠጠኝ።

«ተቀበይ ተባልኩ፣ ተቀበልኩ» አልኩት።

ከኪነት አባረረኝ። እትዬ ዘሃራ በር ላይ ጠብቃ ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ፤ አላህ ያክብርሽ አለችኝ። ልጇ አልተመለሰም። ታምሩ ሰላም ሲሆን አዲስ አበባ ገብቶ ልጆች ያስተምራል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ውጫሌ ባል አግብቼ፣ እህል ነግጄ፣ በየሠርጉ እየዘፈንኩ አረጀሁ።

ያን ቀን ሆቴል ውስጥ ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ለምንድነው ዝም የምትለው? ሳቅ ብሎ መምህሬ እንዲህ ጠብቅ ብሎኝ ነው፣ እሱም ከመምህሩ የተማረው ነው አለኝ። ያ የመምህሩ መምህር ማን እንደሆነ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

ተመልሰው አምባሰልን ሲጀምሩ ተነሣሁ። የእህቴ ልጅ ቀሚሴን ጎተተች፣ አልሰማኋትም።

«ተቀበል!» አልኩ።

«እማማ፣ ዘፋኝ የለንም እኮ» አለ ልጁ።

«እጅህ ላይ ያለው ምንድነው ታዲያ? በሱ ተቀበል።»

የእትዬ ዘሃራን ግጥም ሰጠሁት። ፒያኖው ዝም አለ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውን ስንኝ ነፋና ጠበቀ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ነፋ። አሳላፊዎቹ ሳይቀሩ ቆሙ።

እትዬ ዘሃራ መልስ ሳታገኝ አፈር ለብሳለች። እኔ ደሴ ባለመግባቴ አንድም ቀን አልቆጨኝም። መልሱን ከየት አመጣላታለሁ? ጥያቄዋን ግን፣ እግሬ እስከቻለ ድረስ፣ አምባሰል በተጫወቱበት ሁሉ እየተነሣሁ እሰጣለሁ።